የአንገት ትራክሽን፦ ማን ይሳብ፣ ማን አይሳብ

ለማጅራትና ለአንገት ሕመም ቤት ውስጥ የሚያገለግለው መሳቢያ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ትራክሽን፣ ሲያዩት መሣሪያም አይመስል። አገጭንና ማጅራትን የሚያቅፍ ጨርቅ፣ በር ላይ የሚንጠለጠል ብረት፣ በመዘውር የሚያልፍ ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ ደግሞ ውሃ የሚሞላ ከረጢት፤ በቃ ይኸው ነው። ታማሚው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል፣ አንገቱን ጥቂት ያቀረቅራል፣ ከረጢቱ ቁልቁል ሲጎትት ጭንቅላቱ ሽቅብ ይሳባል። አየር ተሞልቶ አንገትን የሚወጥር ኮሌታም አለ፤ ተኝተው የሚሳቡበትም አለ። የሁሉም ዓላማ አንድ ነው፦ በ7ቱ የአንገት አጥንቶች መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜውም ቢሆን ማስፋትና፣ በተንሸራተተ ዲስክ ወይም በአጥንት ማደግ ተጨንቆ ሕመሙን እስከ ክንድና ጣት የሚያወርደውን ነርቭ ፋታ መስጠት።

ይጠቅማል ወይ ለሚለው መልስ ከመስጠት በፊት ለማን ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ግምገማ፣ ትራክሽን ለአንገት ሕመም ይበጃል ለማለትም አይበጅም ለማለትም የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ግን ጥያቄውን አጠበበው። ሕመማቸው ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርድ 86 ሰዎችን ለሦስት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን በአካል እንቅስቃሴ ብቻ፣ ሁለተኛውን በእንቅስቃሴና በበር መሳቢያ፣ ሦስተኛውን በእንቅስቃሴና ክሊኒክ ውስጥ በሚሠራ የሞተር መሳቢያ አከማቸው። ከወራት በኋላ የተሻለ ውጤት የታየው በሞተር በተሳቡት ላይ ነው፤ የበሩ መሳቢያ ያን ያህል አልሆነም። አንዱ ምክንያት ቀላል ሒሳብ ይመስለኛል። የሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። ተቀምጦ በ5 ኪሎ የሚሳብ ሰው የራሱን ጭንቅላት ሸክም ከአንገቱ ላይ አነሳ እንጂ አጥንቶቹን ብዙም አላራቀም፤ ተኝቶ በሞተር የሚሳብ ሰው ግን ጭንቅላቱን ፍራሹ ስለሚሸከምለት፣ ጡንቻውም ስለሚላላ፣ ስበቱ በቀጥታ አንገቱ ዘንድ ይደርሳል። እርግጥ ያን ሸክም ለ15 ደቂቃ ማቃለልም እፎይታ ነው። እፎይታውን ፈውስ አድርጎ መቁጠር ነው ችግሩ።

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ውሃ በጀሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት፣ እርከን ሥራ ላይ ድንጋይ ሲያነሳ የሚውል ገበሬ አንገታቸውን ቢያማቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ የደከመው ጡንቻ ነው። ይህ ሕመም ሸክም በመቀነስ፣ ሙቀት በመያዝና አንገትን ሳያስጨንቁ በማንቀሳቀስ በጥቂት ሳምንታት ይለቃል፤ ገመዱ የሚጨምርለት ነገር ጥቂት ነው። በሌላ በኩል፣ በዚያው ሕመም ውስጥ ፈጽሞ መሳብ የሌለበት በሽታ ሊደበቅ ይችላል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ በብዛት ይገኝባቸዋል ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ቲቢ ደግሞ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀመጥም፣ አከርካሪንም ይበላል። የተበላ አጥንት ሲሳብ ኅብለ ሰረሰርን ሊጎዳና እጅና እግርን ሊያሽመደምድ ይችላል። ከገደል ወይም ከበቅሎ የወደቀ፣ መገጣጠሚያን የሚያበላሽ ቁርጥማት የቆየበት፣ አጥንቱ የሳሳ አዛውንት፣ ካንሰር ያለበት፣ ቀና ሲል የሚያዞረው ሰው ሁሉ ከገመዱ ይራቅ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት፣ የእግር መክዳት፣ ሽንት አለመቆጣጠር ካለማ ነገሩ የመሳቢያ ጉዳይ አይደለም። ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር ሲመጣ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል፣ ለነገ ሳይባል ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

ሆስፒታሉ ሰቆጣ፣ ታማሚው ዳህና ወይም ጋዝጊብላ፤ ለአንገት ሕመም ማን ያን ሁሉ መንገድ ይሄዳል የሚል ይኖራል። ተቃውሞው እውነት አለው። ግን ምርመራው ትልቅ ማሽን አይጠይቅም። የሰለጠነ ባለሙያ ታሪክ ይጠይቃል፣ የእጅና የእግርን ጉልበት ይፈትሻል፣ ከዚያ የታማሚውን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ በቀስታ ወደ ላይ ያነሳዋል። የክንዱ ሕመም ያን ጊዜ ጋብ ካለ መሳቢያው ሊረዳ ይችላል፤ ካልተለወጠ ወይም ከባሰ ገመድ መግዣውን ገንዘብ ማትረፍ ነው። ይህ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ያሠለጥናል፤ ለአካባቢው ብመርጥ ከመቶ መሳቢያ ይልቅ አንዱን ተመራቂ እመርጣለሁ። ወጌሻ እኮ ከጥንት ጀምሮ አንገት ሲያሽና ሲስብ ኖሯል የሚባለውም ባዶ ክርክር አይደለም። የወጌሻ እጅ ታማሚው ሲያመው ፊቱን አይቶ ይላላል፣ ገመድ ግን አያይም። ሆኖም አንገትን በድንገት መጠምዘዝ ከወጌሻም ቢሆን አደጋ ነው፤ የተበላውን አጥንትም እጅ ከውጭ ዳስሶ አያውቀውም።

መሳቢያው ውድ ከሆነ ገመድና ጀሪካን አይበቃም ወይ? አይበቃም። የተለመደው ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና፣ ሙሉው ለበር መሳቢያ ከሚፈቀደው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ከወጋግራ ላይ በታሰረ ተራ ገመድ አንገትን ማንጠልጠል ደግሞ ማነቂያ መሥራት ነው። ተመርምሮ የተፈቀደለት ሰው በትክክለኛው ማቀፊያ፣ ከ3 ወይም ከ4 ኪሎ ጀምሮ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ ሰው አጠገቡ እያለ ይሳባል፤ ባለሙያው ያዘዘውን እንቅስቃሴም አይተውም። ሲሳብ ክንዱ ከደነዘዘ፣ ራሱን ካዞረው ወይም መንጋጋው ካመመው ከረጢቱን ማውረድ ነው። በሦስት አራት ሳምንት ለውጥ ካልታየ መሣሪያው ለዚያ አንገት አልሆነም፤ ውሃ መጨመር አያስፈልግም፣ ተመልሶ መመርመር ነው።