የቱርቦ ሞተር ጉልበትና የነጋዴው ሒሳብ፤ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ደጋው አገር

ከጅቡቲ ከተማ ወደብ ዕቃ ጭኖ ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዝ የጭነት መኪና ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጦርነት ወዲህ ከኢትዮጵያ የባሕር ንግድ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው በዚሁ በር ስለሚተላለፍ፣ በመንገድ ላይ የሚባክነው ጊዜ ለነጋዴው ኪሳራ፣ ለአስተዳዳሪውም ሐሳብ ነው። ስለዚህም የመኪናቸው ሞተር በዳገት ሲያቃስት የሚሰሙ ባለንብረቶች ቱርቦው እንዲጠነክርና ናፍታው እንዲጨመር፣ መኪናውም ፈጥኖ እንዲነሣ መመኘታቸው የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ አስቀድሞ ትርፉና ጉዳቱ በሚገባ ሊመዘን ይገባዋል።

ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከናፍታ ብቻ አይደለም፤ ናፍታው የሚነደው በአየር ነው። አንጥረኛ ብረት ለማቅለጥ ሲያስብ ከሰል ከመጨመሩ በፊት ወናፉን እንደሚያጠብቅ ሁሉ፣ ቱርቦም የሞተር ወናፍ ነው። ልዩነቱ ወናፉን የሚያንቀሳቅሰው የሰው ክንድ ሳይሆን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጢስ መሆኑ ነው። ጢሱ አንዱን መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሁለተኛው መዘውር ደግሞ አየሩን እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ይህን ሐሳብ በ1905 እ.ኤ.አ. በፓተንት ያስመዘገበው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቢውሂ ሲሆን፣ በናፍታ ሞተር ላይ ሠምሮለት ለማየት እስከ 1925 ድረስ መድከም ግድ ሆኖበታል።

የቱርቦ ጥቅም በከፍታ ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሆነ ግልጥ አድርጎ ያሳየው አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ነው። ይህ ሰው በ1918 አንድ የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አስወጣ። በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ጫፍ ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ በተገጠመለት ጊዜ ግን 356 ሰጠ። ቀጭን አየር የነጠቀውን ጉልበት ወናፉ መለሰው ማለት ነው።

በጅቡቲ መንገድ የሚሠራ ሞተር ሁለት ጠላቶች አሉት። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። በክረምቱ ወራት የጅቡቲ አየር ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይሳሳል፤ በ42 ዲግሪ ሙቀት ያለ አየር በ15 ዲግሪ ካለው ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ዘጠኝ ያህል ክብደቱን ያጣል። ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠርዝ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ላይ የከምሲን ነፋስ የሚያነሣው አሸዋ አለ። ስለዚህ ጉልበት አነሰኝ የሚል ባለመኪና ከሁሉ አስቀድሞ የአየር ማጣሪያው አለመታፈኑን፣ ከቱርቦው የሚነሡት ቱቦዎች አለመተንፈሳቸውንና ራዲያተሩ ንጹሕ መሆኑን ያስመርምር። ብዙ ጊዜ ጠፋ የተባለው ጉልበት የሚገኘው ከዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሳለ ሞተሩን ከተሠራበት ልክ በላይ ማሳደግ የሚሻ ሰው በፊቱ ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም የቱርቦውን ግፊት ከፍ ማድረግ፣ ናፍታውን በፖምፓው ወይም በኮምፒዩተሩ ማብዛት፣ ወይም ትልቅ ቱርቦ መግጠም ናቸው። እያንዳንዱ ዋጋ ያስከፍላል። አየር ሲጨመቅ ይግላልና፣ 42 ዲግሪ የሆነው የጅቡቲ አየር ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ከ130 ዲግሪ ያልፋል። ይህን የሚያበርደው ኢንተርኩለር አብሮ ካልተሻሻለ የተጨመረው ግፊት እሳት እንጂ ጉልበት አይሆንም። አየሩ ሳይበቃ ናፍታ ቢበዛም ትርፉ ጥቁር ጢስ ነው፤ ጥቁር ጢስ ደግሞ ሳይነድ የወጣ ናፍታ፣ ማለትም የነጋዴው ገንዘብ ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ፒስተኑም ይቀልጣል። ትልቁ ቱርቦ በበኩሉ ከባድ ስለሆነ ለመንቃት ይዘገያል፤ ፈጥኖ መነሣትን የፈለገ ሰው ሲነሣ የባሰ መዘግየትን ይገዛል። ቀጭን አየር ባለበት ደጋም መዘውሩ ያለ ልክ ስለሚፈጥን የመሰበር አደጋ ይኖረዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ጭነቱን ጨምሮ 50 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ያለው መኪና በየመቶ ሜትሩ 5 ሜትር በሚነሣ ዳገት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከመንኰራኵሩ ዘንድ ወደ 320 የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ ከመቶ ዐሥር ቢጨመርለት ፍጥነቱ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዳገቱ 20 ኪሎ ሜትር ቢረዝም፣ 40 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው መንገድ ወደ 36 ደቂቃ ገደማ ይወርዳል፤ የተገኘው ትርፍ አራት ደቂቃ ነው። በወደቡ በር፣ በፔካ ዱዝ ማቆሚያ ወይም በጋላፊ ኬላ ስለ አንድ የጐደለ ወረቀት ሙሉ ቀን የቆመ መኪና ያን ቀን በዚህ ጉልበት ለመመለስ እንዲህ ያለውን ዳገት 360 ጊዜ መውጣት ይኖርበታል።

ዳገት የወጣ ሁሉ ቍልቍለት እንደሚጠብቀውም አይዘነጋ። ለመውጣት የተጨመረው ጉልበት ለመውረድ አይረዳም፤ በቍልቍለት መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑና የማርሹ አያያዝ ነው። ሞተሩ ተሻሽሎ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑና ጎማው እንደ ነበሩ የቀሩበት መኪና ለሾፌሩም ለመንገደኛውም አስጊ ነው። ስለዚህ መኪና የሚመረምሩ ሹማምንት የሞተሩን ጉልበት ብቻ ሳይሆን፣ ያን ጉልበት የሚገታውን ፍሬን አብረው ቢመለከቱ ሕይወት ያድናሉ።

ከፍታ የማያደክመው መጓጓዣም አለ። ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ ለንግድ ሥራ የተከፈተው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሳብ ሞተሩ አየር አይተነፍስም፤ በባሕር ጠርዝ የነበረውም ጉልበት በደጋው አይቀንስበትም። እጅግ ከባድ ጭነት ያለው ነጋዴ ቱርቦ ከማሳደጉ በፊት ዕቃውን በባቡር ማስጫን ይሻለው እንደሆነ ዋጋውን ቢያመዛዝን መልካም ነው።

መኪናውን ለማሻሻል የቈረጠ ሰው ግን ሥራውን በቅደም ተከተል ያስኪድ፤ ማጽዳት፣ ማቀዝቀዝ፣ ፍሬን ማጠንከር፣ ከዚያ በኋላ በመጠኑ ጉልበት መጨመር። ለሾፌሩም ከረጅም ዳገት በኋላ ሞተሩን ወዲያው እንዳያጠፋ፣ ጥቂት ደቂቃ ቀስ ብሎ እንዲሠራ እንዲተወው ይንገረው፤ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቆመ ዘይት ይቃጠላልና። ይህ ምክር ገንዘብ አያስወጣም፤ ይሁን እንጂ ብዙ ቱርቦ ከመቃጠል ያድናል።