የኦፕ-አምፕ ዜሮ
ኢዲዶም ሆነ ሌላ የጌዴኦ ቀበሌ ላይ እሸት ቡና በዲጂታል ሚዛን ሲመዘን፣ ክብደቱን ወደ ቮልቴጅ የሚለውጠው ሎድ ሴል ነው። የሚሰጠው ግን ኢምንት ነው፤ በቮልት 2 ሚሊቮልት የሚያወጣ የተለመደ ሴል 5 ቮልት ቢመገብ፣ ሚዛኑ ጢም ብሎ ሲሞላ እንኳ ከ10 ሚሊቮልት አያልፍም። ይህን የሚያጎላው ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር፣ ባጭሩ ኦፕ-አምፕ ነው። ሁለት መግቢያና አንድ መውጫ አለው፤ የመግቢያዎቹን ልዩነት ያጎላል፤ መሠረቱ ይኸው ነው። ዲላ ላይ ምህንድስና የሚማር ተማሪ ግን በመጀመሪያ የሚተዋወቀው መግቢያዎቹ እኩል ሲሆኑ መውጫው ዜሮ ከሚሆነው «ፍጹም» ኦፕ-አምፕ ጋር ነው። እንዲህ ያለ ቺፕ የትም አይሸጥም። ፌርቻይልድ ኩባንያ በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ዛሬም ከማስተማሪያ ላቦራቶሪ ያልጠፋው 741፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ አንድ ሁለት ሚሊቮልት የሚሆን የራሱ ልዩነት አለበት፤ ኦፍሴት ቮልቴጅ ይባላል። 2 ሚሊቮልት ከ10 አንድ አምስተኛ ነው፤ እስከ 100 ኪሎ በሚመዝን ሚዛን ላይ 20 ኪሎ ማለት ነው።

«ዳታሺቱ ላይ ተጽፎ የለ፣ ምን ያስለካል?» የሚል አይጠፋም። ዳታሺቱ የሚናገረው ስለ ቺፖቹ ሁሉ እንጂ እጅ ላይ ስላለው አንዱ አይደለም፤ ለተራው 741 እስከ 6 ሚሊቮልት ድረስ ይፈቅዳል። መለካቱም ቀላል ነው። ሁለት ባለ9 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ተያይዘው መገናኛቸው ግራውንድ ይሆናል፤ ቺፑ በእግር 7 ፖዘቲቭ፣ በእግር 4 ኔጋቲቭ ይመገባል። እግር 3 ግራውንድ ላይ ይታሰራል፤ ከመውጫው ከእግር 6 ወደ እግር 2 ባለ100 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ከእግር 2 ወደ ግራውንድ ባለ100 ኦም ይገባል። ሰርኪቱ 1,001 ጊዜ ስለሚያጎላ መልቲሜትሩ 2 ቮልት ካነበበ ኦፍሴቱ 2 ሚሊቮልት ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳነፋል፦ «ምጥጥኑ ያው አይደል?» ብሎ 10 ሜጋኦምና 10 ኪሎኦም ይሰካል። ያው አይደለም። በ741 መግቢያ 80 ናኖአምፒር ገደማ ጅረት ይፈሳል፤ 100 ኦም ላይ 8 ማይክሮቮልት ብቻ ስለሚፈጥር ከቁጥር አይገባም፣ 10 ኪሎኦም ላይ ግን 0.8 ሚሊቮልት ይሆንና ከሚፈለገው ኦፍሴት ጋር ይደባለቃል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሚዛኑ ዜሮ ማድረጊያ ቁልፍ አለው፣ ኦፍሴቱን ያጠፋዋል። እውነት ነው፣ ለዚያች ሰዓት። ኦፍሴት ከሙቀት ጋር ይንሸራተታል፤ ይህን ለማየት እዚያው ሰርኪት ላይ ቺፑን በጣት ጫን አድርጎ ማሞቅና መልቲሜትሩን መከታተል ይበቃል። በደጋው ብርድ ማለዳ ዜሮውን አንዴ ነክቶ እስከ ቀትር ፀሐይ የሚመዝን ሰው፣ ከሰዓት በኋላ የሚያነበው ክብደት ውስጥ ያ መንሸራተት አለበት።