የጉዞው ፍርድ በወደብ ይሰጣል
አትላንቲክን በሸራ የሚሻገሩ ጀልበኞች ለብርድ ወራት ጉዟቸው እንዴት እንደሚሰናዱ

በየዓመቱ የኅዳር ወር ሲገባ፥ በካናሪ ደሴቶች በምትገኘው በላስ ፓልማስ ወደብ የነጋዴን ዓይን የሚስብ ግርግር ይታያል። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ባለሸራ ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው ይቆማሉ፤ የከተማይቱ ባለሱቆች ሙዙንና ብርቱካኑን፥ ድንቹንና ሽንኩርቱን ወደ ወደቡ ያመላልሳሉ፤ ገመድ፥ ሸራና መለዋወጫ ዕቃ የሚሸጡትም ከገበያተኛ ፋታ አያገኙም። ይህ ሁሉ መሰናዶ ዎርልድ ክሩዚንግ ክለብ የተባለው የጀልበኞች ማኅበር የአውሮፓን ብርድ ወደ ኋላ ትቶ አትላንቲክን በሸራ ለመሻገር ስለሚያዘጋጀው ዓመታዊ ጉዞ ነው።

ይህን ጉዞ በ1979 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986) የመሠረቱት፥ በሩማንያ ተወልደው በእንግሊዝ አገር በጋዜጠኝነት የሠሩት ጂሚ ኮርኔል ናቸው። አሳባቸውም፥ ውቅያኖሱን ለየብቻቸው የሚሻገሩት ታናናሽ ጀልባዎች በአንድ ቀን ተነሥተው፥ እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁ ቢጓዙ አደጋው ይቀንሳል የሚል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 204 ጀልባዎች ከላስ ፓልማስ ተነሥተው ወደ ባርባዶስ ተጓዙ። ከ1990 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ግን የጉዞው መድረሻ በሴንት ሉሽያ ደሴት የሚገኘው የሮድኒ ቤይ ወደብ ሆኗል። የእኛ አገር ሲራራ ነጋዴም በነጋድራሱ ሥር ተሰብስቦ ይጓዝ የነበረው ስለዚሁ ምክንያት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

የመንገዱ ርዝመት 2,700 የባሕር ማይል ያህል ነው። ይህም ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፥ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን የባቡር ሐዲድ ስድስት ጊዜ ተኩል እንደ መጓዝ ይቈጠራል። አብዛኞቹ ጀልባዎች ይህን መንገድ ከ18 እስከ 21 ባሉት ቀኖች ይጨርሱታል። የሚነዳቸውም ከሰሜን ምሥራቅ ያለማቋረጥ የሚነፍሰው «የንግድ ነፋስ» ነው። ስሙ ለእኛ ወገን የቀረበ ይምሰል እንጂ፥ በእንግሊዝኛ ቃሉ በጥንት ዘመን የተሰጠው ስለ መሸጥና መግዛት ሳይሆን «የማይለወጥ መንገድ» ለማለት ነበር። ነፋሱን ለማግኘት ጥንታውያን መርከበኞች የተዉት ምክር፥ «ቅቤው እስኪቀልጥ ወደ ደቡብ ሂድ፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ዙር» የሚል ነው።

የመነሻው ቀን የሚቈረጠው በዘፈቀደ አይደለም። በአትላንቲክ ምዕራባዊ ክፍል ብርቱ ዐውሎ ነፋስ የሚነሣበት ወቅት በአውሮፓ አቆጣጠር ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ኅዳር 30 ድረስ ነው። ስለዚህ ጀልባዎቹ ወቅቱ በሚያበቃበት ሳምንት ገደማ ተነሥተው፥ ካለፈ በኋላ ይደርሳሉ። ብዙዎቹ የመድን ድርጅቶችም ወቅቱ ሳያልፍ ወደዚያ ለገባ ጀልባ ኃላፊነት አይወስዱም። የጎጃም ነጋዴ ዓባይ ሳይጎድል ጭነቱን አያንቀሳቅስም ነበር፤ ጠባዩን ያልጠበቀ ገስጋሽ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ዋናውንም እንደሚያጣ ያውቃልና።

ይሁን እንጂ የዚህ ጉዞ ዋና ቁም ነገር ከዚህ የጠለቀ ነው። ነፋሱ ከኋላ የሚገፋ እንደ መሆኑ፥ ጀልባው ጥቂት ቀን ከተጓዘ በኋላ መመለስ ከመቀጠል የከበደ ይሆናል። በመካከሉም ሱቅ የለም፤ ሐኪም ቤት የለም፤ የብረት ሠራተኛም አይገኝም። በወደብ የተረሳው ነገር ሁሉ በውቅያኖስ ላይ ሲታወስ ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

ስለዚህ ጀልበኞቹ አስቀድመው መዝገብ ይይዛሉ። ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር የመጠጥ ውሃ ቢታሰብ፥ አምስት ሰዎች ለ21 ቀን 315 ሊትር ያስፈልጋቸዋል፤ በዚህም ላይ ለመዘግየት የሚሆን ትርፍ ይጨመርበታል። የባሕሩን ውሃ የሚያጣራ መሣሪያ ያላቸውም ቢሆኑ፥ መሣሪያው ቢሰበርስ ብለው የታሸገ ውሃ ይይዛሉ። ምግቡ ሲጫን የካርቶን ሣጥኖች ወደ ጀልባው አይገቡም፤ በረሮ እንቁላሉን በካርቶን ውስጥ ስለሚጥል ዕቃው በወደቡ ላይ ተራግፎ ይገባል። ፍሬውም ይታጠባል። ሙዝ በአንድ ጊዜ ስለሚበስል ከየደረጃው ተመርጦ ይገዛል። የታሸጉት ምግቦች የት እንደ ተቀመጡ በደብተር ይጻፋል፤ የተበላውም ከዝርዝሩ ይሠረዛል። ይህን ደብተር ያየ ባለሱቅ የራሱን የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ ያየ ይመስለዋል።

ከምግቡ ይልቅ የሚያሠጋው የጀልባው አካል ነው። በየሰዓቱ ስትወዛወዝ የምትውል ጀልባ ገመዷ በአንድ ቦታ እየተፋተገ ይበጠሳል፤ ስለዚህ የሚፋተግበት ቦታ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንዲዛወር ይደረጋል። የሸራውን ምሰሶ ደግፈው የያዙት ሽቦዎች መቈለፊያቸው የጣት ጥፍር የምታህል ሽቦ ናት፤ እርስዋ ከወለቀች ግን ምሰሶው ሁሉ ሊወድቅ ይችላል። በመሆኑም ከመነሻው ቀን በፊት አንድ ሰው እስከ ጫፍ ወጥቶ እያንዳንዱን በእጁ ይዳስሳል።

ማኅበሩም በበኩሉ መርማሪዎችን ወደ እያንዳንዱ ጀልባ ይልካል። የነፍስ አድን ታንኳው፥ የመንሳፈፊያው ልብስ፥ የችግር ምልክት የሚሰጠው ርችት፥ አደጋ ሲደርስ ሥፍራውን በሳተላይት የሚያስታውቀው ራዲዮ፥ ሁሉም አንድ በአንድ ይታያሉ። የጎደለው ሁሉ ተሟልቶ ካልተገኘ ጀልባው አብሮ እንዲነሣ አይፈቀድለትም።

ጉዞው ሽርሽርም እሽቅድምድምም ነው። ለእሽቅድምድም የተመዘገቡት ከመነሻው እስከ መድረሻው በሸራ ብቻ ይጓዛሉ፤ ለሽርሽር የሚሄዱት ነፋስ ሲጠፋ ሞተር ሊያስነሡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሞተሩ የሠራበት ሰዓት ተቈጥሮ ቅጣት ይጨመርባቸዋል። ለዘገምተኛዪቱ ጀልባም የጊዜ ማካካሻ ስለሚታሰብላት፥ ቀድሞ የገባው ሁሉ አሸናፊ ነው ማለት አይደለም።

በዚህ ወደብ የመሰናዳት ልማድ አዲስ አይደለም። በ1492 ኮሎምበስ ከእስጳንያ በተነሣ በሦስተኛው ቀን ፒንታ የተባለችው መርከቡ መሪዋ ስለ ተሰበረ፥ ወደ ግራን ካናሪያ ገብታ እስክትጠገን ድረስ ጉዞው ለሳምንታት ተጓተተ። ከዚያም መስከረም 6 ቀን ከጎሜራ ደሴት ተነሥቶ በ36 ቀን ምድር አየ። መሪው የተሰበረው ወደብ በቀረበበት በዚያ ሳይሆን በውቅያኖሱ መካከል ቢሆን ኖሮ፥ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር።

አገራችን ከ1993 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ የራስዋ የባሕር በር ስለሌላት፥ የእኛ አስመጪና ላኪ ሸራውንም ማዕበሉንም በዓይኑ አያይም። ነገር ግን በሩቅ ወደብ የተጫነ ዕቃ እንደዚያው ጀልባ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ አይመለስም። በትእዛዙ ላይ የተሳሳተ ቍጥር፥ በማሸጊያው ላይ የቀረ ምልክት፥ ጊዜው ያለፈበት የመድን ውል፥ እነዚህ ሁሉ ከጥፍር የማይበልጡ ነገሮች ናቸው፤ ጅቡቲ ላይ ሲገኙ ግን ምሰሶ ይጥላሉ። እንግዲህ የላስ ፓልማስ ጀልበኛ ገመዱን ከመፍታቱ በፊት ደብተሩን እንደገና እንደሚያነብ፥ ነጋዴም ከመፈረሙ በፊት ሰነዱን አንድ ጊዜ ደግሞ ቢያነብ፥ ያጠፋው ጊዜ አንድ ሰዓት ቢሆን ያዳነው የዓመት ድካሙን ነው።