የአራሷ ትካዜና የስቴሮይድ ሆርሞኖች ለውጥ በአንጎል ውስጥ

በባሕር ዳርም ሆነ በዘጌና በሌሎች የጣና ዳር ቀበሌዎች አራስ ብቻዋን አትተውም። ገንፎ ይቀርብላታል፤ ጠያቂ ይመላለሳል፤ በክርስቲያኑ ዘንድም ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ሕፃኑ ክርስትና ይነሣል። በዚህ ደስታ መካከል የምትተክዝና እንቅልፍ ያጣች እናት ስትገኝ ግን «ልክፍት ነው» ሊባል ይችላል። የሁኔታው አንዱ ምክንያት በአንጎል ውስጥ የሚካሄደው የሆርሞን ለውጥ ነው።

አንጎል ስቴሮይድን ከደም ተቀባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በፈረንሳይ የቦልዮ ቡድን በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የአድሬናልና የዘር ዕጢዎች ከወጡም በኋላ በአንጎል ውስጥ ስቴሮይድ እንደሚገኝ አሳይቷል። በአንጎልና በፒቱታሪ ዕጢ ያሉ ኢንዛይሞችም ከደም የመጣውን ሆርሞን ይለውጣሉ። አሮማቴዝ ቴስቶስትሮንን ወደ ኢስትራዲዮል ይቀይራል። ፋይቭ አልፋ ሪዳክቴዝ ፕሮጄስትሮንን ወደ ዳይሃይድሮፕሮጄስትሮን ሲለውጥ፣ ሌላ ኢንዛይም ይህንኑ አሎፕሬግናኖሎን ያደርገዋል። አሎፕሬግናኖሎን የጋባ ተቀባዮችን ሥራ በማጠናከር አንጎልን ያረጋጋል።

በእርግዝና ወቅት የእንግዴ ልጅ ብዙ ፕሮጄስትሮን ስለሚያመነጭ የአሎፕሬግናኖሎን መጠን ከፍ ይላል፤ ከወሊድ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላል። መውረዱ በእናቶች ሁሉ ቢደርስም አንዳንዶቹ ለለውጡ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። በዚሁ መንገድ የሚሠሩት ብሬክሳኖሎንና ዙራኖሎን እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2023 ለድኅረ ወሊድ ድባቴ በአሜሪካ መፈቀዳቸው የሆርሞኑን ድርሻ ያጠናክራል። ይሁን እንጂ ቀድሞ የነበረ የአእምሮ ሕመም፣ ድህነት፣ የትዳር ጥቃትና የድጋፍ ማጣትም ከባድ ድርሻ አላቸው።

የጤና ባለሙያው ተግባር

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታይ ቀላል የስሜት መለዋወጥ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ከዘለቀ ወይም ከከፋ ምርመራ ያስፈልጋል። ባለ10 ጥያቄው የኤድንበርግ መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ በአዲስ አበባ ተፈትኗል፤ ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቀው 10ኛው ጥያቄ ፈጽሞ ሊታለፍ አይገባም። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ያላት፣ ወይም የሌለ ድምፅ የምትሰማ እናት ብቻዋን ሳትተው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር ወደሚገኙት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ መላክ አለባት።

የደም ማነስና የታይሮይድ ሕመምም መታየት አለባቸው። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ወተቷ ያልመጣና የዛለች እናት የፒቱታሪ ጉዳት፣ ማለትም የሺሃን ሕመም፣ ሊኖርባት ይችላል፤ የኮርቲሶል እጥረቱ ካልታከመ ሕይወት ያሳጣል።

ለድባቴው የምክር አገልግሎት፣ ሲያስፈልግም እንደ ሰርትራሊን ያለ ጡት ለምታጠባ እናት የሚስማማ መድኃኒት ይሰጣል። ጠበል የምትከታተል እናት መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ በአክብሮት ማስረዳት ይገባል። ምልክቱን ቀድመው የሚያዩት አስታማሚዎቿ ናቸውና፣ ለእነርሱም ከመውለዷ በፊት ማስተማር ይጠቅማል።