የፎቶግራፍ ክበብ

የፎቶግራፍ ክበብ ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ሰዎች ሥራቸውን እርስ በርስ የሚያሳዩበት፣ የሚተራረሙበት እና አብረው ወጥተው የሚያነሱበት ስብስብ ነው። አባላቱ በአብዛኛው እንጀራቸው ከሌላ ሥራ የሆነ ተማሪዎች፣ ሠራተኞችና ጡረተኞች ናቸው። ክበብ ለመግባት ውድ ካሜራ ያስፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ የተስፋፋ ቢሆንም፣ ከታሪኩም ሆነ ከካሜራው አሠራር አንጻር ሲታይ ትክክል አይደለም። ይህ መጣጥፍ በተለይ ኪስ ውስጥ የሚገባ ቀላል ዲጂታል ካሜራ ይዞ ክበብ ስለሚቀላቀል ሰው ነው።

አመጣጥ

የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1853 ሲሆን፣ ዛሬ የንጉሣዊ ፎቶግራፍ ማኅበር በመባል ይታወቃል። በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳዮችም የራሳቸውን መሠረቱ። በዚያን ዘመን ፎቶ ማንሳት ከባድ የእንጨት ሳጥን፣ የመስታወት ሰሌዳ፣ ኬሚካልና ጨለማ ክፍል ይጠይቅ ስለነበር፣ አባል የሚሆነው ገንዘብና ጊዜ የተረፈው ሰው ብቻ ነበር።

ይህን የለወጠው ርካሽ ካሜራ ነው። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1900 ብራውኒ የሚባል የካርቶን ሳጥን ካሜራ በ1 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ150 ሺህ በላይ ተሸጧል። ኩባንያው ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የብራውኒ ካሜራ ክበብ አቋቁሞ ውድድር ያደርግላቸው ነበር። በቀላል ካሜራ ክበብ መግባት እንግዲህ ከ120 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነገር ነው።

ቀላል ካሜራን መናቅም እንዲሁ አዲስ አይደለም። አልፍሬድ ስቲግሊትዝ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1893 በተዋሰው የእጅ ካሜራ ኒው ዮርክ ውስጥ በበረዶ ውሽንፍር መሐል ለሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ አንድ የፈረስ ጋሪ ሲመጣ ጠበቀ። በዚያን ጊዜ የእጅ ካሜራ በቁም ነገረኞቹ ዘንድ እንደ መጫወቻ ይታይ ነበር። ኔጋቲቩን ለክበቡ ጓደኞች ሲያሳያቸው ደብዛዛ ነው ብለው እንደሳቁበት ራሱ በኋላ አውግቷል። «ክረምት፣ አምስተኛው ጎዳና» የተባለው ይህ ፎቶ ዛሬ በፎቶግራፍ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የማይቀር ሥራ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ክበቦች በአገርና በዓለም ደረጃ ተሰባሰቡ። የአሜሪካ የፎቶግራፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1934፣ ዓለም አቀፉ የፎቶግራፍ ጥበብ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1950 ተመሠረቱ።

በኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ለረጅም ጊዜ የፎቶ ቤት ሙያ ሆኖ ቆይቷል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥቱ ያነሱ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ሙያውን በቤተሰብ ይዘውት ነበር። ከዚህ ወዲህ የፎቶግራፍ ሰዎችን በአንድ ቦታ በማገናኘት ስሙ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ2010 በአይዳ ሙሉነህ የተመሠረተውና በአዲስ አበባ በየሁለት ዓመቱ እንዲካሄድ የታቀደው አዲስ ፎቶ ፌስት ነው።

ቀላል ዲጂታል ካሜራ

የመጀመሪያው በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1975 በኮዳክ መሐንዲሱ ስቲቨን ሳሶን ተሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ነበር፤ 0.01 ሜጋፒክስል ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ የዓለም የዲጂታል ካሜራ ጭነት ከ121 ሚሊዮን በላይ ደረሰ፤ አብዛኛዎቹም የኪስ ካሜራዎች ነበሩ። ከዚያ ስልክ ገበያውን ወሰደውና በ2020 ቁጥሩ ወደ 9 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ያ ሁሉ ካሜራ ግን አልጠፋም፤ በየመሳቢያው አለ። ለዚህ ነው ብዙ ጀማሪ ከዘመድ የተረፈ አሮጌ የኪስ ካሜራ ይዞ ክበብ የሚመጣው።

በቀላልና በውድ ካሜራ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት የሜጋፒክስል ብዛት ሳይሆን የብርሃን ዳሳሹ (ሴንሰር) ስፋት ነው። በብዙ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ዳሳሽ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር አይበልጥም። የሙሉ ፍሬም ካሜራ ዳሳሽ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በስፋት 30 ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ትንሽ ዳሳሽ የሚሰበስበው ብርሃን ትንሽ ነው። ስለዚህ ምሽት ላይ ወይም ጨለም ባለ ቤት ውስጥ ካሜራው አይ.ኤስ.ኦ የሚባለውን የስሜት ደረጃ ከፍ ለማድረግ ይገደዳል፤ ፎቶውም አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። መፍትሔው አይ.ኤስ.ኦን በ100 አካባቢ አስሮ፣ ካሜራውን ግድግዳ ወይም ወንበር ላይ አስደግፎ፣ የ2 ሰከንድ መዘግየት ያለውን ራስ አንሺ መጠቀም ነው። ጣት ቁልፉን ሲጫን የሚፈጠረው መንቀጥቀጥ በዚህ ይቀራል። የሚንቀሳቀስ ሰው ግን በዚህ ዘዴ አይነሳም፣ ይደበዝዛል።

በአንጻሩ የዳሳሹ ማነስ ጥቅምም አለው። በትንሽ ዳሳሽ ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለው ነገር ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ብዙ የኪስ ካሜራዎች በአበባ ምልክት የሚታወቀውን የቅርብ ማንሻ ሲከፍቱ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ማንሳት ይችላሉ። ነፍሳት፣ የቡና ፍሬ፣ የጥልፍ ክር፣ የእጅ ጽሑፍ ለዚህ ካሜራ የተፈጠሩ ያህል ናቸው፤ በትልቁ ካሜራ ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት የተለየ ሌንስ መግዛት ያስፈልጋል። ከበስተኋላ ያለውን አደብዝዞ ፊትን ብቻ ማጉላት ደግሞ የኪስ ካሜራ የማይሆንለት ነገር ነው። በዚህ ከውድ ካሜራ ጋር መፎካከር ልፋት ነው።

ሌላው የጀማሪ ቅሬታ ፊት ጠቆረ የሚለው ነው። ምክንያቱ የካሜራው መጥፎነት አይደለም። የካሜራ ብርሃን ለኪ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ተሠርቷል። በጥምቀት ዕለት ነጠላ የለበሱ ሰዎች ፍሬሙን ሲሞሉት ለኪው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጠቁራል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱም ከነጠላው ጋር ይጠቁራል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ማስተካከያ ወደ መደመር ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ መግፋት ይበቃል። ፀሐይ ከሰውየው በስተጀርባ ስትሆን በቀን ፍላሽ ማብራትም እንዲሁ ይረዳል፤ ብዙ ሰው ፍላሽ ለማታ ብቻ ይመስለዋል።

ስለ ሜጋፒክስል የሚነሳው ጭንቀት ከመጠን ያለፈ ነው። ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ 4000 በ3000 ፒክስል ፎቶ ይሰጣል። ይህም በጥሩ የኅትመት ጥራት ወደ 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ይታተማል። ክበቡ ፎቶዎችን በፕሮጀክተር የሚያይ ከሆነ ደግሞ የተለመደው ባለ 1920 በ1080 ፕሮጀክተር የሚያሳየው 2 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ዲጂታል ዙም የሚባለው ግን መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ነው፤ ሌንሱ ሳይንቀሳቀስ ፎቶውን ቆርጦ ከማስፋት የተለየ ሥራ የለውም። መርጦ ማጥፋት ይሻላል፤ መቁረጥ ካስፈለገ በኋላም በኮምፒውተር ይደረጋል።

የስብሰባው አካሄድ

በብዙ ክበቦች አባላት ከስብሰባው በፊት ጥቂት ፎቶዎች ያስገባሉ፤ ፎቶዎቹም አንድ በአንድ እየታዩ አስተያየት ይሰጥባቸዋል። በውድድር ቀን ዳኛው የማን ፎቶ እንደሆነ ሳይነገረው ነጥብ ይሰጣል። በብሪታንያው የንጉሣዊ ማኅበር የመጀመሪያው ማዕረግ የሚሰጠው አመልካቹ በሚያቀርባቸው 10 ያህል ፎቶዎች ጥራት እንጂ በካሜራው ዓይነት አይደለም።

ስም ሳይጠሩ ማሳየት በተለይ ይሉኝታ በሚበዛበት ቦታ ጠቃሚ ነው። አንሺው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ «አድማሱ ዘሟል» ማለት ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ «ቆንጆ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናል። «ቆንጆ ነው» የሚል አስተያየት ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። አንሺው አስተያየቱ እስኪያልቅ ዝም እንዲል የሚያዝ ክበብም አለ። ይህ ጥሩ ደንብ ነው፤ ፎቶ በቃል ማብራሪያ ሲታገዝ ራሱን ችሎ ይናገር አይናገር ማወቅ አይቻልምና።

አዲስ አባል አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው 80 ፎቶ ይዞ በመምጣት ነው። ከ80ው አራት መምረጥ ራሱ ትምህርት ነው፣ ምናልባትም ክበቡ የሚሰጠው ትልቁ ትምህርት። ሁለተኛው ስህተት ገና ማንም ሳይጠይቀው «ካሜራዬ ደካማ ስለሆነ ነው» ብሎ መጀመር ነው፤ እንዲህ ሲሆን ውይይቱ ከፎቶው ወጥቶ ወደ ዕቃ ዋጋ ይሄዳል፣ ከዚያም አይመለስም።

አብሮ መውጣት የክበቡ ሌላው ግማሽ ነው። በዚህ ጊዜ ትንሹ ካሜራ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ረጅም ሌንስ ሲወጣ መንገደኛ ይቆማል፣ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ የጥበቃ ሠራተኛም መጥቶ ይጠይቃል፤ የኪስ ካሜራን ግን ልብ የሚለው የለም። ደካማ ጎኑ ቁልፉ ተጭኖ ፎቶው እስኪነሳ ያለው መዘግየት ነው። ቁልፉን አስቀድሞ በግማሽ ተጭኖ ትኩረቱን ካስያዙ በኋላ መጠበቅ መዘግየቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ፋይሎችና ሰዓት

አባላት አንድ በዓል አብረው አንስተው ፎቶውን ወደ አንድ ኮምፒውተር ሲያሰባስቡ ሁለት ችግሮች ይከሰታሉ። አንደኛው የስም መመሳሰል ነው። ካሜራዎች በሚከተሉት ዲ.ሲ.ኤፍ በተባለው ደንብ የፋይል ስም አራት ፊደላትና አራት አኃዞች ብቻ አሉት፤ ቁጥሩ 9999 ሲደርስ እንደገና ከ0001 ይጀምራል። ከአንድ ኩባንያ ካሜራ የገዙ ሁለት አባላት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፎቶዎች ይኖሯቸዋል፤ በግዴለሽነት ሲገለበጡም አንዱ ሌላውን ይተካዋል። የተተካው ፎቶ ከጠፋ በኋላ ክርክር ይነሳል። ለእያንዳንዱ አባል የራሱን ፎልደር መክፈት ይህን ያስቀራል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ካሜራ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ኤግዚፍ የሚባል መረጃ ይጽፋል፤ በውስጡም ቀኑና ሰዓቱ፣ የሹተር ፍጥነቱ፣ አይ.ኤስ.ኦውና የካሜራው ስም ይገኛሉ። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ካሜራውን 3፡00 ብሎ የሞላ አባል ፎቶዎቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ ከሌሎቹ 6 ሰዓት ቀድመው፣ በሌሊት የተነሱ መስለው ይወጣሉ። ትክክለኛው አሞላል 9፡00 ነው። ከመውጣት በፊት ሁሉም ሰዓታቸውን ቢያመሳክሩ ከብዙ ልፋት ይድናሉ።

ጂ.ፒ.ኤስ ያለው ካሜራ ወይም ስልክ ከሆነ ኤግዚፍ ፎቶው የተነሳበትን ቦታም ይይዛል። በቴሌግራም ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ይህ መረጃም ይወገዳል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን ጥራቱ ሳይቀንስ ይደርሳል፣ የቦታው መረጃም አብሮ ይሄዳል። በቤቱ ያነሳውን የልጁን ፎቶ ለክበቡ በፋይል የላከ ሰው የቤቱን አድራሻም ልኳል ማለት ነው።

ለኮምፒውተር ዝንባሌ ላላቸው፣ ለብዙ የካኖን የኪስ ካሜራዎች ሲ.ኤች.ዲ.ኬ የተባለ ነጻ ሶፍትዌር አለ። ከሚሞሪ ካርድ ላይ ተነስቶ ይሠራል፤ ፋብሪካው ያልሰጣቸውን፣ ለምሳሌ ያልተጨመቀ የሮው ፋይል ማስቀመጥን፣ ይጨምራል። ካርዱ ሲወጣ ካሜራው እንደነበረው ይሆናል።

የተነሳው ሰው ፈቃድ

ክበብ ፎቶ ለሌሎች የሚታይበት ቦታ ስለሆነ የተነሳው ሰው ጉዳይ ከመሣሪያው ጉዳይ ይበልጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ የማይካተቱትን ያስቀምጣል፤ ከእነዚህም መካከል ታዋቂ ሰዎች፣ ባለሥልጣናት፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት የሚውሉ ምስሎች፣ እንዲሁም በአደባባይ የሚከናወኑ ሥነ ሥርዓቶች ይገኙበታል። የጥምቀትን ሰልፍ አንስቶ ማሳየት ከአንድ ሊስትሮ ልጅ ፊት ተጠግቶ አንስቶ በዐውደ ርእይ ከመስቀል የሚለየው በዚህ ነው። ለሁለተኛው መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ለልጅ ከሆነ ወላጁን። በካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን ፎቶውን ወዲያው አሳይቶ መጠየቅ ይቻላል፤ የፊልም ካሜራ ይህን አይችልም ነበር።

የአንሺው መብት በሌላ ሕግ ይዳኛል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶግራፍ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። ጥበቃው በውድ ካሜራ የተነሳውን በርካሹ ከተነሳው አይለይም። ክበቡ የአባላቱን ፎቶ በካላንደር ወይም በፖስተር ማተም ሲፈልግ ከእያንዳንዱ አንሺ በጽሑፍ መስማማት ይኖርበታል። ብዙ ክበብ የሚጣላው እዚህ ላይ ነው፤ ስምምነቱን በአባልነት ቅጹ ላይ ከመጀመሪያው የሚያስፈርሙም አሉ።