ተጠናቅሮ የማይነሣ ፕሮግራም፦ የጎደለ የጋራ ላይብረሪ ስሕተት መንሥኤና መፍትሔ

መግቢያ

አንድ የምርምር ፕሮግራም የሚጻፍበት ኮምፒውተርና የሚሠራበት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። በመቐለ ዩኒቨርሲቲ እንዳየሱስ ግቢ የተጠናቀረ የስሌት ፕሮግራም በፍላሽ ተይዞ ወደ ዓዲ ሐቂ ወይም ወደ ዓይደር ግቢ ሊሄድ ይችላል። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች እንከን ተጠናቅሯል፤ በተጻፈበት ኮምፒውተር ላይም በትክክል ይሠራል። በሌላው ኮምፒውተር ላይ ግን ሥዕሉ ሁለት ጊዜ ሲነካ ምንም አይታይም። በተርሚናል ሲነሣ ደግሞ የአንድ ፋይል ስም ጠቅሶ «የጋራ ላይብረሪውን መክፈት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል መልእክት አውጥቶ ይቆማል።

ይህ ጽሑፍ የዚህን ስሕተት ምንነት፣ መንሥኤውንና የመፍትሔውን ቅደም ተከተል ያብራራል። በተለይም ኢንተርኔት በማይገኝበት ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያመለክታል። ትኩረቱ በሊኑክስ ላይ ሲሆን ዊንዶውስን በአጭሩ ይነካል። የትዕዛዞችና የፋይሎች ስም እዚህ በንባባቸው የቀረበ ነው፤ በኮምፒውተር ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

የጋራ ላይብረሪ ለምን አስፈለገ?

የጋራ ላይብረሪ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የተጠናቀረ ኮድ የያዘ ፋይል ነው። ፊደልን በስክሪን ላይ የሚስል፣ መልእክትን የሚመሰጥር ወይም የሒሳብ ስሌት የሚሠራ ኮድ በእያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ ከሚደጋገም ይልቅ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ለሁሉም ያገለግላል። ነገሩ በገበሬዎቻችን ዘንድ የታወቀውን መቀናጆ ይመስላል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል፤ ሁለት በሬ ከመቀለብ ይድናል፤ የጎረቤቱ በሬ በሌለበት ቀን ግን ማረስ አይችልም።

ይህ አሠራር የዲስክና የሜሞሪ ቦታ ይቆጥባል። ከዚያ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ለጥገና መመቸቱ ነው። በ2006 ዓ.ም የጸደይ ወራት ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ውስጥ «ሃርትብሊድ» የሚል ስም የተሰጠው ከባድ የደኅንነት ክፍተት ይፋ በሆነ ጊዜ፣ ላይብረሪውን በጋራ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች የተጠገኑት አንዱን ላይብረሪ በማደስና ፕሮግራሞቹን እንደገና በማስነሣት ነበር። የላይብረሪውን ኮድ በውስጣቸው አጠቃለው የያዙት ፕሮግራሞች ግን እያንዳንዳቸው እንደገና መጠናቀር ነበረባቸው። ስለዚህ «ሁሉንም ነገር በፕሮግራሙ ውስጥ እናጠቃልለው» የሚለው መፍትሔ አንዳንድ ጊዜ የሚጠቅም ቢሆንም ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም።

ያለ ስሕተት ተጠናቅሮ ለምን አይነሣም?

ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያደናግረው ይህ ጥያቄ ነው። መልሱ ላይብረሪው በሁለት የተለያዩ ጊዜያት በሁለት የተለያዩ ፈላጊዎች የሚፈለግ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው በማጠናቀሪያ ጊዜ የሚሠራው ሊንከር ነው፤ ይህ ፕሮግራሙ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች ስም በፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ ይመዘግባል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ በሚነሣበት ጊዜ የሚሠራው ሎደር ነው፤ ይህ የተመዘገቡትን ስሞች አንብቦ ፋይሎቹን ይፈልጋል።

ሊንከሩ የሚመዘግበው እንደ ልማዱ ስሙን እንጂ ፋይሉን ያገኘበትን ቦታ አይደለም። ስለዚህ ላይብረሪው በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ቢሆንና ለሊንከሩ ቦታው ቢነገረው ማጠናቀሩ ይሳካል፤ ሎደሩ ግን ስለዚያ ፎልደር የሚያውቀው ነገር የለም። በአጭሩ፣ ስሕተቱ የፕሮግራሙን መበላሸት አያመለክትም። አንድ የታወቀ ስም ያለው ፋይል ሎደሩ በሚፈልግባቸው ቦታዎች አለመገኘቱን ብቻ ይናገራል።

የጎደለውን መለየት

የመጀመሪያው እርምጃ ፕሮግራሙን ከተርሚናል ማስነሣት ነው፤ በሥዕሉ በኩል ሲነሣ የስሕተት መልእክቱ ለተጠቃሚው አይታይምና። ሎደሩ በመጀመሪያው ጉድለት ላይ ስለሚቆም ግን መልእክቱ የሚጠቅሰው አንድ ስም ብቻ ነው። ሙሉውን ዝርዝር ለማየት «ኤልዲዲ» የሚባለውን ትዕዛዝ ከፕሮግራሙ ስም ጋር መጻፍ ይገባል። ትዕዛዙ እያንዳንዱን ላይብረሪ ከተገኘበት ቦታ ጋር ይዘረዝራል፤ ያልተገኘውን «አልተገኘም» ብሎ ያመለክታል።

ኤልዲዲ አንዳንድ ጊዜ የሚመረመረውን ፕሮግራም ራሱን ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ምንጩ በማይታወቅ ፋይል ላይ መጠቀም አይገባም። እንዲህ ላለው «ኦብጅዳምፕ» ወይም «ሪድኤልፍ» ይሻላል፤ እነዚህ መዝገቡን ያነባሉ እንጂ ፕሮግራሙን አያንቀሳቅሱም።

የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች አንድ ተጨማሪ ችግር አላቸው። ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ የሚጠራቸው ተሰኪ ላይብረሪዎች በፕሮግራሙ ላይ በሚደረግ የኤልዲዲ ምርመራ አይታዩም። ኪዩት በተባለው የመስኮት መሥሪያ ላይብረሪ የተሠሩ ፕሮግራሞች በሊኑክስ ላይ «ኤክስሲቢ የተባለው ተሰኪ ተገኝቷል፤ ሊጫን ግን አልቻለም» ብለው የሚቆሙት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከኪዩት 6.5 እትም ጀምሮ ይህ ተሰኪ የኤክስሲቢ ከርሰር ላይብረሪን ይፈልጋል፤ ላይብረሪው በሌለበት ኮምፒውተር ላይ መስኮቱ አይከፈትም። ጉድለቱን ለማየት ኤልዲዲን በፕሮግራሙ ላይ ሳይሆን በተሰኪው ፋይል ላይ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ሎደሩ የሚፈልግባቸው ቦታዎች

ሎደሩ የሚፈልገው በተወሰነ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ» በሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ የተዘረዘሩትን ፎልደሮች ያያል። ቀጥሎ «ራንፓዝ» ተብሎ በፕሮግራሙ ውስጥ የተመዘገበ ቦታ ካለ ወደዚያ ይሄዳል። ከዚያ የስርዓቱን የላይብረሪ ማውጫ፣ በመጨረሻም መደበኛዎቹን የላይብረሪ ፎልደሮች ይመለከታል። «አርፓዝ» የተባለው የቀድሞው የምዝገባ ዓይነት ግን፣ ራንፓዝ በሌለበት፣ ከተለዋዋጩም ይቀድማል።

ከዚህ ቅደም ተከተል ሦስት መፍትሔዎች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ ላይብረሪው በኮምፒውተሩ ላይ ካለና በማውጫው ካልተመዘገበ ፎልደሩን በሎደሩ ማዋቀሪያ ፋይል ጽፎ «ኤልዲኮንፊግ» የተባለውን ትዕዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ ማውጫውን ያድሳል። ከምንጭ ኮዱ የተጠናቀረ ላይብረሪ ከተጫነ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ እርምጃ ነው። ሁለተኛ፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ለሌለው ተጠቃሚ የአካባቢ ተለዋዋጩ ለሙከራ ያገለግላል፤ በተርሚናል ብቻ የተሰጠ ተለዋዋጭ ግን በሥዕሉ በኩል ለሚነሣ ፕሮግራም አይደርስም። ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ ከነላይብረሪዎቹ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ ከሆነ፣ በማጠናቀሪያ ጊዜ «ኦሪጂን» በሚለው ቃል የተገለጸ ራንፓዝ መመዝገብ ይገባል። ቃሉ «ፕሮግራሙ ካለበት ፎልደር ተነሥተህ ፈልግ» ማለት ነው። ራንፓዝ የሚያገለግለው በቀጥታ ለተመዘገቡት ላይብረሪዎች ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ላይብረሪ የሚፈልግ ላይብረሪ የራሱ ምዝገባ ሊኖረው ይገባል።

የእትም ልዩነት

ከጠፋ ፋይል ይልቅ የሚያስቸግረው የተለየ እትም ነው። በላይብረሪ ስም መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር የተኳኋኝነት ምልክት ነው፤ ቁጥሩ ከተለወጠ አዲሱ ላይብረሪ የቀድሞውን ቦታ እንደማይተካ ያሳያል።

ለዚህ የኡቡንቱ ሁለት እትሞች ግልጽ ምሳሌ ናቸው። የኡቡንቱ እትሞች የሚሰየሙት በወጡበት የአውሮፓ ዓመትና ወር ሲሆን 20.04 በሚያዝያ 2012 ዓ.ም፣ 22.04 ደግሞ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም ወጡ። በሁለቱ መካከል ኦፕንኤስኤስኤል ከ1.1 ወደ 3 ተሻገረ፤ መሠረታዊው የሲ ላይብረሪም ከ2.31 ወደ 2.35 አደገ። በዚህም የተነሣ ችግሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይመጣል። ኦፕንኤስኤስኤልን የሚጠቀም በ20.04 የተጠናቀረ ፕሮግራም በ22.04 ላይ «ሊብኤስኤስኤል 1.1 የለም» ይላል። በ22.04 የተጠናቀረው ደግሞ በ20.04 ላይ ብዙ ጊዜ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ብሎ ይቆማል።

እነዚህ ሁለት ዓመታት ለመቐለ ተራ ዓመታት አልነበሩም። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም ከተጀመረ በኋላ ሕዝቡ የሚጠቀምበት ኢንተርኔት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ነበር፤ አገልግሎቱ ደረጃ በደረጃ መመለስ የጀመረው በጥቅምት 2015 ዓ.ም ከተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው። 22.04 የወጣው ከተማዋ ከኢንተርኔት በተለየችበት ወቅት ነበር። በዚያ ጊዜ ሳይታደስ የቆየ ኮምፒውተር ውጭ አገር ከተጠናቀረ አዲስ ፕሮግራም ጋር ቢገናኝ የእትሙ ልዩነት የሚጠበቅ ነው። ከጦርነቱ በፊት የተጀመረ የመመረቂያ ምርምር ስሌቱን እንደገና ማስኬድ ሲያስፈልገውም እንደዚያው ነው፤ የምንጭ ኮዱና የላይብረሪዎቹ እትም ካልተመዘገቡ የተገኘውን ውጤት ማረጋገጥ አስቸጋሪ ይሆናል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት አቋራጮች መወገድ አለባቸው። አንደኛው አዲሱን ላይብረሪ በአሮጌው ስም መሰየም ነው። የኦፕንኤስኤስኤል 3 ፋይል የ1.1 ስም ቢሰጠው ሎደሩ በውስጡ ያለውን የእትም ምልክት አይቶ አይቀበለውም፤ እንዲህ ያለ ምልክት በሌለው ላይብረሪ ላይ ደግሞ ፕሮግራሙ ተነሥቶ የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ ይችላል፤ ለተመራማሪ ይህ ከመቆሙ የከፋ ነው። ሁለተኛው የሲ ላይብረሪውን በእጅ መተካት ነው፤ የስርዓቱ ትዕዛዞች ሁሉ ማለት ይቻላል በእርሱ ላይ ስለሚመኩ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ፕሮግራሙን ይሠራበታል ተብሎ በሚታሰበው አሮጌ ስርዓት ላይ ማጠናቀር ነው፤ በአሮጌ የሲ ላይብረሪ የተጠናቀረ በአዲሱ ላይ ይሠራል፤ የተገላቢጦሹ ግን ዋስትና የለውም።

በዊንዶውስ ላይ «ኤምኤስቪሲፒ140 የተባለው ዲኤልኤል ጠፍቷል» የሚለው መልእክት የዚሁ ችግር ሌላ መልክ ነው። መፍትሔው ማይክሮሶፍት የሚያቀርበውን የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ማስኬጃ ጥቅል መጫን ነው። አንዱን ፋይል ብቻ ከማይታወቅ ምንጭ መቅዳት የእትም አለመጣጣምንም ቫይረስንም ይጋብዛል።

ኢንተርኔት በሌለበት

በተለመደው ጊዜ የጎደለውን ላይብረሪ የያዘውን ጥቅል በ«አፕት» ትዕዛዝ መጫን ይበቃል። ኢንተርኔት ከሌለ ጥቅሉን ግንኙነት ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ያ ኮምፒውተር ግን የስርዓቱ እትምም የፕሮሰሰሩ ዓይነትም ከተቀባዩ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ባለ 64 ቢት ፕሮግራም ባለ 32 ቢት ላይብረሪን አይቀበልም። ስርዓቱ አዲስ የተጫነና ሌላ ያልታከለበት ኮምፒውተር ለዚህ ይመረጣል፤ የማውረጃው ትዕዛዝ ቀድሞ የተጫኑትን ጥቅሎች እየዘለለ የጎደሉትን ብቻ ያመጣልና። የመጡት ፋይሎች ሁሉ በአንድነት ለአፕት ሲሰጡ እርስ በርስ የሚፈላለጉትን አስተካክሎ ይጭናቸዋል።

ለዘለቄታው ግን ትምህርት ክፍሎች የሚሠሩባቸውን እትሞች የጥቅል ክምችት ቅጂ በግቢው ሰርቨር ላይ ቢያስቀምጡ የውስጥ ኔትወርኩ እስካለ ድረስ ማንም ሊጭን ይችላል። ተማሪው ደግሞ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር የምንጭ ኮዱን፣ የማጠናቀሪያ ትዕዛዙን፣ የስርዓቱን እትምና የኤልዲዲን ዝርዝር ቢያስረክብ ተከታዩ ተመራማሪ ከዜሮ አይጀምርም። ፕሮግራሙን ከነላይብረሪዎቹ በአንድ ፋይል የሚያሽገው አፕኢሜጅም ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም የሲ ላይብረሪውን በተለምዶ ስለማያካትት እርሱም በአሮጌ ስርዓት ላይ መዘጋጀት አለበት።

ማጠቃለያ

የጎደለ የጋራ ላይብረሪ ስሕተት የሚፈታው ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል በመመለስ ነው፦ የጎደለው ስም ማን ነው? ሎደሩ የፈለገው የት ነው? የተገኘውስ እትም ከተመዘገበው ጋር ይስማማል? እነዚህን ለመመለስ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ላይብረሪው ራሱ ግን አስቀድሞ ካልተቀመጠ በተቋረጠ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ተጠናቀቀ የሚባለው በተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ ስለ ሠራ ሳይሆን፣ የሚመካባቸው ላይብረሪዎች ተመዝግበውና ተቀምጠው በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ከኢንተርኔት ተለይቶ ሲነሣ መሆን ይኖርበታል።