ከዕንባቆም ሦስተኛው ምዕራፍ በፊት

በስብከታችን ከትንቢተ ዕንባቆም ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ሁለት ክፍል ነው። አንዱ ጻድቅ በእምነት እንደሚኖር የሚናገረው 2፥4 ሲሆን፣ ሌላው ነቢዩ ያለው ሁሉ ቢጠፋ እንኳ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው የሚናገርበት 3፥17–18 ነው። ይህ ሁለተኛው በተለይ ያልታሰበ መከራ በደረሰበት ሰው ቤት ይነበባል። ውጤቱ ግን አንዳንድ ጊዜ ካሰብነው የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ያዘነው ሰው «እኔ እንዲህ ማለት አልቻልኩም፤ እምነቴ የለም ማለት ነው» ብሎ በሐዘኑ ላይ ኃፍረት ይጨምራል። እንዲህ የሚሆነው ክፍሉን ከመጽሐፉ ነጥለን ስለምናነበው ይመስለኛል።

መጽሐፉ የሚጀምረው በአቤቱታ ነው። ነቢዩ እስከ መቼ እንደሚጮኽ፣ እግዚአብሔርም ለምን እንደማይሰማ ይጠይቃል (1፥2–4)። መልስ ያገኛል፤ መልሱ ግን ከጥያቄው የከበደ ነው፤ ፍርድ የሚመጣው በከለዳውያን እጅ ነው። ዕንባቆም ዝም አላለም። ጨካኝ ሕዝብ ከእርሱ የሚሻለውን ሲውጥ ቅዱሱ አምላክ እንዴት ያያል ብሎ እንደገና ሞገተ፤ ከዚያም በመጠበቂያው ላይ ቆሞ መልሱን ጠበቀ (2፥1)። የሦስተኛው ምዕራፍ መዝሙር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መዝሙሩ የሚዘረዝራቸው ነገሮችም ምሳሌያዊ ጌጥ አይደሉም። በለስ፣ ወይን፣ ወይራ፣ የእርሻ ሰብል፣ በግ፣ ከብት የአንድ ገበሬ ቤት ሙሉ ኑሮ ናቸው። ለአገራችን ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት፣ ታሪካችን ክፉ ቀን በሚለው ዘመን፣ ከውጭ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አገሪቱን አዳረሰ። እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከብት እንዳለቀ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። በሬ ሲያልቅ መሬቱ ጦም አደረ፤ ድርቅና ተምች ተጨመረበት፤ የጎንደር ምድር ደግሞ በዚያው በ1880 የደርቡሽ ጦር አቃጥሎት ነበር። ገብሱን በበሬ አርሶ ለሚኖር የደባርቅና የዳባት ደገኛ በበረት ከብት የለም ማለት የሚቀጥለው ዓመት እህልም የለም ማለት ነው። (የበሽታው የአማርኛ ስም «ደስታ» መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። 3፥18ን ለክፉ ቀን ሰው የሚያነብ ሰባኪ ቃሉን በጥንቃቄ ሳይመርጥ አይቀርም ነበር።)

እንግዲህ 2፥4 ላይ እምነት የተባለው ምንድን ነው? የዕብራይስጡ ቃል «ኤሙና» ነው፤ ሥሩ ከእኛው «አመነ» ጋር አንድ ነው። በአማርኛም ማመን፣ መታመንና ታማኝነት ከዚሁ ሥር ይወጣሉ። የቃሉ መሠረታዊ ሐሳብ ግን ስሜት ሳይሆን ጽናት ነው። በዘፀአት 17፥12 ይኸው ቃል የሙሴን እጆች ይገልጻል፤ እጆቹ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ጸኑ። የጸኑት ግን በራሳቸው ብርታት አልነበረም። ሙሴ ደክሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ አሮንና ሖር ግራና ቀኝ ይዘውታል። ስለ እምነት ስንሰብክ ይህን ሥዕል ለምን እንደምንረሳው አላውቅም። ለቅሶ ደራሽ ግን አልረሳውም፤ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል እንጂ መከራው ለምን እንደመጣ አያብራራም። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ ደህና ነበሩ፤ ስሕተታቸው ማብራራት ሲጀምሩ መጣ።

ጉዳዩ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ዓመት ከአዲ አርቃይ በኩል የተፈናቀሉ ቤተ ሰቦች ድብ ባሕርን አልፈው የሊማሊሞን ዳገት ወጥተው ደባርቅ ገብተዋል። ልጁን የቀበረ አባት፣ በሬውን ያጣ ገበሬ ዛሬም በጉባኤያችን መካከል ተቀምጧል። እንዲህ ላለው ሰው «እግዚአብሔር ለበጎ ነው ያደረገው» ማለት ሮሜ 8፥28ን መጥቀስ ይመስለናል። ጳውሎስ ግን የተናገረው በዚያው ምዕራፍ ፍጥረት ሁሉ እንደሚቃትት፣ አማኞችም እንደሚቃትቱ፣ መንፈስም በመቃተት እንደሚማልድ ካስረዳ በኋላ ነው። ራሱም በእስያ ስለደረሰበት መከራ ሲጽፍ በሕይወት የመኖር ተስፋ እስኪቆርጥ ድረስ እንደከበደው አልደበቀም (2 ቆሮንቶስ 1፥8–9)። ይህን በተናገረበት አፉ፣ በራሱ ሳይሆን ሙታንን በሚያስነሣው እንዲታመን መማሩን ይናገራል።

ስለዚህ በጉባኤ የምታገለግሉ ወገኖች፣ በሐዘን ቤት ዕንባቆምን ስትከፍቱ ከ1፥2 ጀምሩ። ባለ ሐዘኑ የራሱን «እስከ መቼ» እንዲናገር ጊዜ ስጡት፤ አታርሙት። ሰዓቱ ካለቀም እዚያው አቁሙና ሦስተኛውን ምዕራፍ ለሌላ ቀን አቆዩት፤ በዚያም ቀን ተመልሳችሁ ሂዱ።